ዊልቸር ቤት ሲገባ፦ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ሥሩ

እናቴ ስኳር አለባት። አምና እግሯ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ስትወጣ ዊልቸር ይዛ ነው የወጣችው። ቤታችን ግን ያው ነው። የጅማን የቆዩ ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው ሳልነግረውም ይገባዋል፦ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ሆኖ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊት በረንዳ፣ ወደ በረንዳው የሚያወጣ ሦስት ደረጃ፣ በየበሩ ደፍ፣ ማዕድ ቤቱና ሽንት ቤቱ ከጓሮ። ሁለት እግር ላለው ሰው የተሠራ ቤት።

አሁን እማዬ በዚሁ ቤት ከአልጋዋ ተነስታ፣ ተጸዳድታ፣ ታጥባ፣ ቡና አፍልታ ትውላለች፤ አብዛኛውን ብቻዋን። እንዴት እንዳደረግነው የምጽፈው ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። የሚጠይቁኝ ደግሞ ሁሌም ስለ ደጁ ራምፕ ነው፤ በደረጃው ፋንታ ስለሠራነው ተዳፋት ማለቴ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ይዣቸው የምገባው ሽንት ቤት ነው።

ታላቅ ወንድሜም እንደ ሰው ሁሉ ያሰበው ደጁን ነበር። እማዬ ገና ሆስፒታል እያለች ግንበኛ አምጥቶ ደረጃውን ሊያስፈርስ ተነሳ። ዊልቸር ሲባል ለሁላችንም የሚታየን ደረጃ ነው፤ ጠያቂ ሲመጣም ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። እሷ ይህን ስትሰማ በስልክ ምን አለችው? «እኔ በሳምንት ስንቴ ነው ከግቢ የምወጣው? ሽንት ቤትስ በሌሊት ስንቴ ነው የምነሳው?» ስኳር ያለበት ሰው ቤት ያደገ ይህን ለመመለስ አይቸገርም።

ቅደም ተከተሉ እዚያው ተለወጠ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት፣ ቀጥሎ መታጠቢያ፣ ቀጥሎ ሳሎን፣ ደጅ መጨረሻ። ገንዘብ ካጠራችሁ፣ ማንንስ አያጥረው፣ በዚህ ሂዱ። ደጁ እስኪደርስ የሰፈር ጎረምሶች ዊልቸሩን ከነሰው አንስተው ያወርዳሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጎረምሳ አይጠራም።

ከግንበኛ በፊት ሜትር ግዙ። የዊልቸሩን ስፋት ስትለኩ መቀመጫውን አይደለም፤ እጅ የሚያሽከረክረው ቀለበት አለ አይደል፣ ከአንዱ ቀለበት ውጫዊ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለኩ። የእኛ 66 ሳ.ሜ. ነው። የመኝታ ቤቱ በር ከመቃን እስከ መቃን 72 ሳ.ሜ. ነበር። ስታዩት ያልፋል። ነገር ግን በሩ ተከፍቶ ሲቆም የራሱ ውፍረት ከክፍተቱ 4 ሳ.ሜ. ይበላል። የቀረው 68 ነው፤ የሚገፉት ጣቶች የት ይግቡ? ስለዚህ በሩ ተከፍቶ የሚቀረው ንጹሕ ክፍተት ቢያንስ 80 ሳ.ሜ. ይሁን፤ 90 ከሆነ እሰየው። ከጠባብ ኮሪደር ተጠምዝዞ የሚገባ በር ከሆነ ደግሞ 80ም ያስቸግራል። ዊልቸር ባለበት ዞሮ ለመመለስ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኛ ይህን ያገኘነው ቡፌውን ከሳሎን በማውጣት ነው፤ እማዬ በቡፌው ነገር ትንሽ አኩርፋ ነበር።

ብር ሳያወጡ በር ማስፋት ይቻላል። መዝጊያውን ነቅሎ መጋረጃ መስቀል ነው። መጋረጃ መቼም ለእኛ ቤት ብርቅ አይደለም። በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበትን ቀጭን እንጨት ከመቃኑ ላይ ብታነሱት ደግሞ ሌላ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይገኛል። አንዱን የውስጥ በር እንዲህ ነው የተገላገልነው። የመኝታ ቤቱን ግን ማስፋት ነበረብን።

ጭቃ ቤት ላይ በር ማስፋት ቀላል ይመስላል፤ መጋዝ ይዞ ቋሚውን መቁረጥ ነው አይደል? ጣሪያውን የተሸከመው ያ ቋሚ እንጨት ከሆነስ? የኛ አናጢ መጀመሪያ ጣሪያውን ከውስጥ በባላ ደገፈ፤ ከዚያ ማገሩን ቆረጠ፤ ከዚያ ነው ቋሚውን የነካው። ከበሩ በላይ ወፍራም እንጨት አጋድሞ ጭነቱን ግራና ቀኝ ላሉት አዲስ ቋሚዎች ሰጣቸው። ይህን ሳያደርግ መቁረጥ የሚጀምር አናጢ ካጋጠማችሁ የሻይ ከፍላችሁ ሸኙት። ግድግዳው ውስጥ የመብራት መስመር ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ቆጣሪውን አጥፉ።

ደፎቹን በመሮ አስነሳናቸው። ከውጭ ውሃ የሚገባበት በር ላይ ብቻ 2 ሳ.ሜ. የማትሞላ፣ ጠርዟ ተዳፋት የሆነች ትንሽ ጉብታ ቀረች። እሷን ዊልቸሩ ያልፋታል።

ወደ ሽንት ቤቱ ልመለስ። የጓሮውን የጉድጓድ ሽንት ቤት ተውነው። ጅማ ዝናብ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አይጠፋም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ያ ቀይ አፈር አንዴ ከረጠበ የዊልቸር የፊት ጎማ ውጦ ያስቀራል። በሌሊት፣ በጭቃ፣ በዝናብ ወደ ጓሮ የማይታሰብ ነው። ከእማዬ መኝታ ክፍል ጎን ዕቃ ቤት ነበረች፤ ስፋቷ 1 ሜትር ከ60 በ2 ሜትር ከ10። ግድግዳውን ከፍተን እሷን ሽንት ቤትና መታጠቢያ አደረግናት።

መቀመጫው የት ይቀመጥ የሚለው ነገር ብዙ አከራከረን። ቧንቧ ሠራተኛው እንደለመደው መሀል ላይ ሊተክለው ፈለገ። መሀል ላይ ከሆነ ግን ዊልቸር በየትኛውም ጎኑ አይቆምም። በአንድ በኩል ከመቀመጫው መሀል እስከ ግድግዳው 45 ሳ.ሜ. ተወና ሌላው ጎን 90 ሳ.ሜ. ያህል ባዶ ቀረ። ዊልቸሩ እዚያ ይቆማል። የቱ ጎን ባዶ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሰውየው ነው። እማዬ የቀራት ግራ እግሯ ነው፤ ወደ ደህናው እግር ዞሮ መሻገር ይቀላል። ስለዚህ ዊልቸሩ ቆሞ መቀመጫው በግራዋ እንዲሆን አደረግን።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ገበያ ላይ ያለው መቀመጫ ብዙውን ጊዜ 40 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው። የእሷ ዊልቸር ከነትራሱ 50 ነው። 10 ሳ.ሜ. ቁልቁል መውረዱስ ይሁን፣ ተመልሶ መውጣቱ ነው ሥራው። ከሥሩ የ8 ሳ.ሜ. የኮንክሪት መድረክ አፍስሰን እላዩ ላይ ተከልነው፤ ክዳኑ ሲጨመርበት እኩል ሆነ። አልጋውንም እንዲሁ አስተካክሉ። የኛ አልጋ አጭር ስለነበር ከአራቱም እግር ሥር እንጨት አስገብተን በቡሎን አሰርነው።

መያዣ ብረት የግድ ነው። ጭቃ ግድግዳ ግን ፊሸርም (ቪቴ የሚገባበት ፕላስቲክ) ቪቴም (ጥርስ ያለው ሚስማር) አይዝም፤ ሰው ክብደቱን ሲጥልበት ከነልስኑ ይዞት ይመጣል። እኛ ከግድግዳው ጋር ምንም አላገናኘነውም። በያጁ የ1 ኢንች የውሃ ቧንቧ አጥፎ ሁለት እግር ያለው መያዣ ሠራ፤ እግሮቹ ወለሉ ውስጥ ከኮንክሪቱ ጋር ተቀበሩ። የ1 ኢንች ቧንቧ ውፍረቱ ከውጭ 33 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለመዳፍ ልክ ነው። ቱቦላሬ ርካሽ ነው ብለው ይሰጧችኋል፤ አራት ማዕዘኑ እጅ ይቆርጣል፣ እርጥብ እጅም ላዩ ላይ አይጸናም። የመያዣው ከፍታ ከመቀመጫው በላይ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. ነው፤ እጅ ቀጥ ብሎ የሚገፋበት ማለት ነው። ኮንክሪቱ ሳይፈስ እማዬን አስቀምጠን፣ እጇን አስዘርግተን፣ ምልክት ያደረግነው ግን በእሷ ልክ ነው።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ገላው ይዘጋዋል።

ወለሉን ሴራሚክ ለማድረግ ከፈለጋችሁ የሚያብለጨልጨውን እርሱት። ሻጩ ሁሉንም «አያንሸራትትም» ይላችኋል። ውሃ አምጡና አርጥቡት፣ ጫማችሁን አውልቁና እርገጡት። እኛ ሱቁ ውስጥ ይህን ስናደርግ ሰው ሳቀብን፤ ይሳቅ። ውሃው ወደ ማስወገጃው እንዲሄድ ወለሉ በትንሹ ይዘቅዝቅ፤ በ1 ሜትር 1 ወይም 2 ሳ.ሜ. ይበቃል። ከዚያ በላይ ካጋደለ ዊልቸሩ ራሱ ይንሸራተታል።

ውሃ ይጠፋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተቀምጦ የሚያነሳ ሰው የለም። ከግርጌው ቧንቧ ያለው በርሜል በብረት ማስቀመጫ ላይ አድርጉ፤ ቧንቧው ከወለል 70 ሳ.ሜ. ላይ ይሁን። ሁሌም ሙሉ ይሁን።

ግንባታው እስኪያልቅ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ወንበር ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ፖፖ የሚገባበት። ብዙ ሰው የፕላስቲክ ወንበር መሀሉን ይቆርጣል። አታድርጉት። መሀሉ ሲቆረጥ ጥንካሬው ይሄዳል፣ እግሮቹ ይበረገዳሉ። እዚህ ላይ ቱቦላሬ ጥሩ ነው፤ በያጅ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል።

ከሁሉም ግን በርካሽ ብዙ የረዳን ዕቃ ጣውላ ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መቀመጫ እየተንሸራተቱ የሚያልፉበት ማሸጋገሪያ ጣውላ። የጅማ እንጨት ሠራተኞች ከአንድ ግንድ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ፈልፍለው ያወጣሉ፤ ይህ ለእነሱ ምንም አይደለም። 75 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 25 ሳ.ሜ. ስፋት፣ ከዋንዛ። መሀሉ 2 ሳ.ሜ. ያህል ወፍሮ ሁለቱ ጫፎች እየሳሱ ይሄዳሉ። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ አትርኩ፤ እስኪልም ድረስ በረቂቁ ይላግ። ስንጥር ከቀረበት ቆዳ ይልጣል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ትንሽ ጭረት ትንሽ አይደለችም። ሠራተኛው «ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀና ስነግረው ጠርዙን በራሱ ሐሳብ አድቦልቡሎ፣ እጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ጨምሮ ሰጠኝ።

አሁን ወደ ደጁ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ለ1 ሳ.ሜ. ከፍታ 12 ሳ.ሜ. ርዝመት። የኛ ሦስት ደረጃ ተደምሮ 51 ሳ.ሜ. ነው። 51 በ12 ሲባዛ 6 ሜትር ከ12። ግንበኛው ሲሰማ ሳቀ። እሱ ያሰበው 2 ሜትር ነው። «እኔ ራሴ እማማን እገፋቸዋለሁ» አለ። «እሺ፣ አንተ ተቀመጥና ወንድሜ ይግፋህ» አልኩት። ጣውላ አጋድመን፣ ልክ እሱ ባለው ርዝመት፣ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጥነው። ገና ሲጀምር ወደ ኋላ ሊገለበጥ ሲል ዘሎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስለ 12ቱ ክርክር አልነበረም።

እግሩ ለተቆረጠ ሰው ይህ የባሰ ነው። ከፊት ያለው የእግር ክብደት ስለጎደለ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ዊልቸራችሁ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ማሸጋገሪያ ቀዳዳዎች ካሉት አንድ ቀዳዳ አሸጋግሩት። ከሌለው ከኋላ እንዳይገለበጥ የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ያላቸው ብረቶች በያጅ ይሠራላችኋል። ዳገቱ ላይ ሰው እየረዳ ሲያወርድ ደግሞ በጀርባ ነው የሚወረደው፤ ረዳቱ ከታች፣ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ።

6 ሜትር ቀጥታ የሚሆን ግቢ የለንም። ከበረንዳው ጎን ለጎን 3 ሜትር ያህል ወርዶ፣ 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ሜዳ ላይ አርፎ፣ ታጥፎ ወደ ግቢው በር ይወርዳል። በረንዳው ላይ በሩ ፊትም እንዲሁ ሜዳ አለ፤ በር እየከፈቱ ዳገት ላይ መቆም አይቻልም። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ግራና ቀኝ 10 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ ጠርዝ ጎማው እንዳይወጣ፣ ከፍ ባለው በኩል በ90 ሳ.ሜ. ላይ መደገፊያ። ከሥር ድንጋይ ተነጠፈ፣ ከላዩ 10 ሳ.ሜ. ኮንክሪት፤ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ገና ሳይደርቅ በመጥረጊያ በአግድም ይቧጠጥ፤ ያ ሸካራነት ነው በዝናብ የሚይዘው። በመረጊያ አሳምሮ ሊያለሰልሰው የሚፈልግ ግንበኛ አለ፤ ቁሙበት። ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጡት።

ሥራውን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው በጋ አስጨርሱ። ዋጋውን አልጽፍም፤ የሲሚንቶ ዋጋ ይህን ጽሑፍ እስክትጨርሱት ሊለወጥ ይችላል።

አንድ ማንም ያልነገረን ነገር፦ ጅማ ላይ ጥላ የሚያርፍበት ኮንክሪት በአንድ ክረምት ሽበት ያበቅላል። አረንጓዴ ሆኖ ያሙለጨልጫል። በየጊዜው በሽቦ ብሩሽና በበረኪና ፈግፍጉት። አቅም ካለ ላዩን ቆርቆሮ ማልበስ ነው።

ከተማ ውስጥ ያሉትን ራምፖች አይታችሁ አትቅዱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የተሠራውን ስታዩ ግን አንዳንዱ ለዊልቸር ሳይሆን ለፍየል ነው። ግንበኛውም የተማረው ከዚያ ነው።

ማዕድ ቤቱን ብዙ አልነካነውም። እንጀራውን እህቴ ትጋግራለች፤ እማዬ እሱን ደስ ብሏት ነው የለቀቀችው። ቡናውን ግን ማን ይነካባታል። ረከቦቷ ወለል ላይ ነበር፤ አሁን ከሥሩ 70 ሳ.ሜ. ባዶ የሆነ፣ ጉልበቷ የሚገባበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የከሰል ምድጃው ከጎኗ፣ አሸዋ በተሞላ ትሪ ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጭኗ ላይ ሊገለበጥ ከሚችልበት ራቅ ብሎ። ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ እግር ትኩስ ነገር ቢነካው ላይሰማው ይችላል። ቄጠማ ደግሞ ለበዓል ካልሆነ ቀርቷል። የፊት ጎማዎቹ ላይ ተጠምጥሞ አላንቀሳቅስ ይላል፤ ሲጎዘጎዝም ዊልቸሩ የሚያልፍበትን መንገድ እንተወዋለን።

የቀረውን እግር ነገር አደራ። የዊልቸሩ የእግር መርገጫ ብረት ቁርጭምጭሚት ይፍቃል፤ በስፖንጅ ጠቅልሉት። ማታ ማታ እግሩንና መቀመጫ አካባቢን እዩ፣ የቀላ ቦታ ካለ ችላ አትበሉ። ቀን ላይ በየግማሽ ሰዓቱ በሁለት እጅ ተደግፎ ከመቀመጫ ብድግ ማለት ያስፈልጋል። እማዬ ይህን ትረሳለች። አሁን ሬዲዮ ላይ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ማስታወቂያው ብዙ ስለሆነ ይበቃል።

ዊልቸሩ ሲበላሽ ሩቅ አትሂዱ። ጎማው ጎሚስታ ጋ ይለጠፋል፣ ኩሽኔታውና ሽቦው ሳይክል ጠጋኝ ጋ ይሠራል። ግራሶ አስቀቡት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ የፊት ጎማው ተለቅ ያለውን ምረጡ፤ ትንሿ ለሆስፒታል ኮሪደር እንጂ ለኮብልስቶን አትሆንም።

ከግቢ በር እስከ አስፋልት ያለው ኮብልስቶን ነው፤ እሱን እኛ አንሠራው። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስትሄድ ባጃጅ እስከ በር ድረስ እናስመጣለን። መጀመሪያ እሷ በጣውላው ተሻግራ ትገባለች፣ ከዚያ ዊልቸሩ ይታጠፍና ከኋላ ይታሰራል። ገመዱን ከቤት ያዙ፤ ባለ ባጃጁ የለውም።